የፈንገስ ማጅራት ገትር፦ መድኃኒቱ ብቻውን የማይጨርሰው ሥራ

ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቀናት የሚጥለውን የባክቴሪያውን ነው። ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ የሚያመጣው፣ በብዛት ኤችአይቪ የመከላከል አቅማቸውን ያዳከመባቸውን ሰዎች የሚይዘው ግን ቀስ ብሎ ሳምንታት ይፈጃል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት። አንገት ላይደርቅ፣ ትኩሳትም ላይኖር ይችላል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ሰው ከቀባዠረ ወባ ይመርመር፤ ወባ ተገኘ ተብሎ ግን የኤችአይቪ ምርመራ አይቀርም። ጸበል ሰንብቶ የመጣን ታማሚ «የኤችአይቪ ክኒኑን መቼ ነው ያቆሙት?» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅ ነው። በቁጣ ለጠየቀ ሰው መልሱ ሁሌም «አላቆምኩም» ነው።

የፈንገሱን ቅንጣት (አንቲጂን) በደም ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከተገኘና ራስ ምታት ካለ ከጀርባ ውሃ (የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ) ይቀዳ፤ ግማሽ አካል የደከመ ከሆነ ግን የራስ ሲቲ ምስል ይቅደም። ፈሳሹ ከቀለም ጋር በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ፈንገሱ ጥቂት ሲሆን ያመልጠዋል። ፈንገሱ እጅግ ሲበዛም አንቲጂኑ በውሸት «የለም» ሊል ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ከበረታ ፈሳሹን አቅጥኖ መድገም ነው።

ቤተሰብ የሚፈራው ሽባነትን ነው። ኅብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ እንደሚያበቃ፣ መርፌው ከዚያ በታች እንደሚገባ ንገሯቸው።

ዋናው ነገር የዚህ ፈሳሽ ግፊት ነው። ታማሚው በጎኑ ተኝቶ፣ መርፌው ከገባ በኋላ እግሩን ዘርግቶ ይለካ፤ ተቀምጦ የተለካ ቁጥር ከፍ ብሎ ያሳስታል። ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ከሌለ ንጹሕ የጉሉኮስ ቱቦ አገናኝቶ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከመርፌው ጀምሮ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ከ25 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ከ20 በታች እስኪወርድ፣ በጣም ከፍተኛ ከሆነ ግፊቱ በግማሽ እስኪቀንስ ይቀዳ፤ 20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። ራስ ምታቱ ከቀጠለ በየቀኑ ይደገም። «ትናንት ተቀድቷል» የሚለው መልስ ዓይን ያጠፋል። ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ እዚህ ይጎዳል፤ በቲቢው ማጅራት ገትር ግን ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ምርመራው መለየት ያለበት።

መድኃኒቱ ለ50 ኪሎ ሰው፦ ሊፖሶማል አምፎተሪሲን 10 ሚሊ ግራም በኪሎ አንድ ጊዜ (500 ሚሊ ግራም፣ ጠርሙሱ ባለ 50 ሚሊ ግራም ከሆነ አሥር ጠርሙስ)፤ ፍሉሳይቶሲን 1,250 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፤ ፍሉኮናዞል በቀን 1,200 ሚሊ ግራም። ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ለ14 ቀን። ያለው የቀድሞው፣ ሊፖሶማል ያልሆነው አምፎተሪሲን ብቻ ከሆነ በ5 በመቶ ዴክስትሮዝ እንጂ በኖርማል ሳላይን አይበጠበጥም፤ ይረጋል። እሱ በሚሰጥበት ጊዜ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ፖታሲየም በሳምንት ሁለቴ ይታዩ። ከ14 ቀን በኋላ ፍሉኮናዞል በቀን 800 ሚሊ ግራም ለ8 ሳምንት፣ ከዚያ በቀን 200።

የኤችአይቪ መድኃኒት የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ይጀመር። የኤችአይቪው መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ራስ ምታቱ ቢመለስ፣ መድኃኒት ከመቀየር በፊት ግፊቱን መለካት ነው።