ጀርባዬን ለመቃብሩ ጓዳ ሰጥቼ
ጥንታዊ የድንጋይ መቃብሮችን እየዞርኩ ማየት ከጀመርኩ ይህ አራተኛው ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ለማዳረስ ስጣደፍ ስለነበር፣ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የቀረው የድንጋዮቹ ቁመትና የገባሁበት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ነገር ተምሬ ከሆነ የተማርኩት አንዱን ቦታ ደግሜ በማየቴ ነው።

ለዚህ ምክንያት የሆነኝ በአየርላንድ፣ በቦይን ወንዝ አጠገብ የሚገኘው ኖውዝ የተባለ ባለ ጉብታ መቃብር ነው። ቅርጽ የወጣባቸው ከ200 በላይ ድንጋዮች አሉት፤ በምዕራብ አውሮፓ በዚያ ዘመን ቅርጾች ብዛት የሚስተካከለው የለም። እኔ ግን የደረስኩት በሐምሌ ወር እኩለ ቀን ነበርና ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታቸው በደቡብ በኩል ያሉት ድንጋዮች ልሙጥ ሆነው ታዩኝ፤ አስጎብኚዋ «ጠመዝማዛው ይኸውላችሁ» ስትል አንገቴን እየነቀነቅሁ ያየሁ መሰልኩ። በማግሥቱ በመጨረሻው የጉብኝት ዙር ተመልሼ ስሄድ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ድንጋዩን ከጎኑ ትዳብሰው ነበርና፣ ባዶ ነው ባልኩት ገጽ ላይ ጥላ የሞላባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ተሰልፈው ወጡ። ጠራቢዎቹ ብረት ስላልነበራቸው መስመሩን ያወጡት ወፍጮ እንደሚወቀር ሁሉ በድንጋይ ነጥብ በነጥብ እየወቀሩ ነው። አንዷን ነጥብ ከያዙ በኋላ ዓይን የቀረውን ራሱ ይከተላል። ከዚያ ወዲህ የምሄድበትን ሰዓት የምወስነው ድንጋዩ ወዴት እንደሚያይ በካርታ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ የተሠራው ጎረቤቱ ኒውግሬንጅ ዝነኛ የሆነው፣ በዓመቱ አጭር ቀን ማለዳ የፀሐይ ብርሃን ከበሩ በላይ ባለች ጠባብ መስኮት ገብቶ በ19 ሜትሩ መተላለፊያ እስከ ጓዳው ስለሚዘልቅ ነው፤ ይህንንም አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ኦኬሊ እ.ኤ.አ. በ1967 በዓይኑ አይቶ አረጋገጠ። እኔን ግን የበለጠ የገረመኝ ጣሪያው ነው። ድንጋዮቹ ያለ ማያያዣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ እስከ 6 ሜትር ወጥተዋል፤ ክፍተታቸው በተቃጠለ አፈርና በባሕር አሸዋ ተደፍኗል፣ በላይኛው ገጻቸውም ዝናቡ ወደ ውጭ እንዲወርድ ቦይ ተቆፍሮላቸዋል። ጓዳው እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። ከፊት የሚያንጸባርቀው የነጭ ኳርትዝ ግድግዳ በሃያኛው መቶ ዘመን እንደገና የተሠራና አሁንም የሚያከራክር በመሆኑ፣ አሁን በየቦታው አስቀድሜ የምጠይቀው የትኛው ክፍል መቼ እንደገና እንደተሠራ ነው።

በስፔን አንቴኬራ ያለው የሜንጋ መቃብር ደግሞ አቋቋሜን አስለወጠኝ። እንደ ገባሁ ዓይኔን ከጣሪያው ግዙፍ ድንጋዮች ሳልነቅል እስከ ጓዳው ጥግ ከሄድኩ በኋላ ዞር ስል፣ የተንጋለለ ሰው ፊት የሚመስለው የፔንያ ዴ ሎስ ኤናሞራዶስ ተራራ በበሩ ክፈፍ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። በዚያ አካባቢ አብዛኞቹ መቃብሮች ወደ ፀሐይ መውጫ ሲያዩ ይህ ወደ ተራራው ያያል። አሁን በሄድኩበት ሁሉ ጀርባዬን ለጓዳው ሰጥቼ ትንሽ ቆሜ ወደ ደጅ እመለከታለሁ፣ አቅጣጫውንም በኮምፓስ እለካለሁ። (ማግኔት ያለበትን የስልክ ሽፋን አጠገቡ ይዤ ስለካ ከርሜ የስድስት ወር ልኬት ከንቱ ቀርቶብኛል፤ ስልካችሁን ራቅ አድርጉ።)

ቀጣዩ ጉዞዬ በጀልባ ወደሚደረስባት የፈረንሳይ ደሴት ወደ ጋቭሪኒስ ነው። በዚያ ያለው መቃብር የጣሪያ ድንጋይ ከአንድ ትልቅ የቆመ ሐውልት ተሰብሮ የመጣ ሲሆን፣ ሌላው ስባሪ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የታብል ዴ ማርሻን መቃብር ጣሪያ ሆኗል፤ በሁለቱ ላይ የተከፈለው የቀንድ ከብት ሥዕል እንደሚጋጠም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የጋቭሪኒሱ ግማሽ በድንጋዩ የላይኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ከውስጥ አይታይም። ስለዚህ የእርሱን ሥዕል በወረቀት ገልብጬ ይዤ፣ ታብል ዴ ማርሻን ጣሪያ ሥር ቆሜ ከሌላኛው ግማሽ ጋር ላጋጥመው አስቤአለሁ።