እቴቴ ያሳየችኝ መንገድ

ዱባይ ስገባ እቴቴ ከአክስታችን ልጅ ጋር ኤርፖርት መጥታ ተቀበለችኝ። የዕረፍት ቀኗ ነበር። «ቤት ትደርሻለሽ፤ መጀመሪያ ባሕሩን ላሳይሽ» አለችኝ።

ታክሲ እንያዝ ብላት አሻፈረኝ አለች። ከኤርፖርት የሚነሳ ታክሲ ገና ሳይንቀሳቀስ 25 ድርሃም ይቆጥራል። እኛ የምንሄድበት ጄቢአር የሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ደግሞ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ተርሚናል 1 እና 3 የየራሳቸው የሜትሮ (የከተማ ባቡር) ጣቢያ አላቸው። ችግሩ ዕቃ ነው፤ ሜትሮው ለአንድ ሰው የሚፈቅደው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነው። በርበሬና ሽሮ ጭኖ ለሚመጣ ሰው ይሄ ይከብዳል። የኔን ዕቃ የአክስታችን ልጅ ዴራ ወደሚባለው ሰፈር በታክሲ ወሰደችልኝ።

እቴቴ የትራንስፖርት መክፈያውን ኖል ካርድ ገዝታ ሂሳብ ሞላችልኝ። ለሴቶችና ለሕፃናት በተለየው ፉርጎ ገባን። ዳቦ ላወጣ ስል እጄን ያዘችኝ፤ እዚያ ውስጥ መብላት 100 ድርሃም ያስቀጣል። የሜትሮው ቀይ መስመር ዴራ ላይ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ክሪክ የሚሉትን የባሕር ሰርጥ በሥሩ ያቋርጣል፣ ከዚያ ወጥቶ ከመንገዱ በላይ ይሄዳል። ቡርጅ ኸሊፋን ስናልፍ እኔ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ እሷ የሚቀጥለውን ጣቢያ ስም ቀድማ ትነግረኛለች።

እንዲህ ያወቀችው በቅርቡ ነው። የመጀመሪያ አሠሪዎቿ ጋር እያለች የዕረፍት ቀን የሚባል አልነበራትም። ባሕር ያለበት ከተማ እየኖረች ባሕር ሳታይ ዓመታት አለፉ። ይሄን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም፤ እኔን ግን አንጀቴን በላችው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ይሰጣል። አሁን ያሉት አሠሪዎቿ ያከብሩላታል። ያቺን ቀን ካገኘች ወዲህ ይሄን መንገድ ታመላልሰዋለች።

ሶብሃ ሪያልቲ የሚባለው ጣቢያ ላይ ወርደን በድልድዩ ተሻገርንና ትራም ያዝን። ጄቢአር ላይ ወርዶ ትንሽ በእግር መሄድ ነው። አሸዋው የሁሉም ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። ጫማችንን አውልቀን ውኃው ዳር ተቀመጥን። ዳቦውን እዚያ በላነው። ስለ እናታችን፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ሁሉም አወራን።

ማታ ስንለያይ «ነገ ሥራ ነኝ፤ መንገዱን አውቀሽዋል፣ ብቻሽንም ቢሆን ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ስልኬን አውጥቼ ውኃውን በቪዲዮ ቀረጽኩላት።