አየሩን ሰጠሁት፣ ቤንዚኑን ረሳሁት

ያማሃ ሞተር ሳይክሌን ከሱቅ ያወጣኋት ቀን የማይል ቆጣሪዋ 3 ነበር የሚለው። ሦስት ማይል ብቻ። እኔ ደግሞ ሙያ የተማርኩት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ እጃችን የሚገባ ሞተር ሁሉ ካምቢዮው ከአንዱ፣ ማርሚታው ከሌላው የተለቀመ ነው። ከእኔ በፊት ማንም ያልፈታው ብሎን ነክቼ አላውቅም ነበር።

ኤምቲ-07 ናት። 689 ሲሲ፣ ሁለት ፒስተን። ዴንቨር ኤርፖርት ሌሊት ሌሊት የፓርኪንግ አውቶቡስ እየነዳሁ፣ ሦስት ዓመት አጠራቅሜ ነው የገዛኋት። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ አዲስ የገዛሁት ትልቅ ነገር እሷ ብቻ ናት። መኪናዬ አሮጌ ነው። ሶፋዬም ሰው የተቀመጠበት ነው።

አንድ ወር ሳይሞላት እጄን በላኝ።

ከፋብሪካ የሚወጣ ሞተር ሳይክል አየር የሚስብበት አፍ ጠበብ ያለ ነው። በስህተት አይደለም። የድምፅ ሕግ አለ፣ የጭስ ሕግ አለ። መሐንዲሶቹ ሁሉንም አስታርቀው ነው የሚሠሩት። እኔ ግን ሳልባትዮውን፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ አንስቼ ከሥሩ ያለውን የአየር ሳጥን ሳየው አፉን በነጠላ የሸፈነ ሰው መሰለኝ። ትንሽ ብከፍተው እንዴት ትተነፍስ ይሆን አልኩ።

ሰፋ ያለ ክዳንና አየር በደንብ የሚያሳልፍ ፊልትሮ በኢንተርኔት አዘዝኩ። ካርቶኑ ላይ «ሌላ ምንም ማስተካከል አያስፈልግም» ይላል። አመንኩት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አውሮራ፣ የምኖርበት ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ ጨርቅ አነጠፍኩና ሥራ ጀመርኩ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ የአገሬ ሰው፣ እትዬ የምላቸው፣ ዘምቢል ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ተበላሸች እንዴ?»

«አልተበላሸችም እትዬ። ላሻሽላት ነው።»

«አዲስ ነገር ምኑ ይሻሻላል?» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ።

ገጥሜ አስነሳኋት። ነዳጅ ስሰጣት ከሳልባትዮው ሥር ወፍራም፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ወጣ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ድምፅ ያታልላል። ድምፁ ሲጨምር ጉልበቱም የጨመረ ይመስልሃል።

ማክሰኞ ማታ ወደ ሥራ ስሄድ አይ-225 አውራ ጎዳና መግቢያ ላይ ልዩነቱን አየሁት። ከኋላዬ ትልቅ የጭነት መኪና እየመጣ ነው። ከፊቱ ለመግባት እጄን ጠምዘዝ አደረግኩ። ያማሃዋ ግን ቀጥ አለች። ከዚያ ሳል እንደያዘው ሰው አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ነቀነቀችኝ። ምናልባት አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። የጭነት መኪናው መብራት መስታወቴን ሞላው፣ ጥሩምባው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ እንደገና ያዘችና ወጣሁ። ኤርፖርት ስደርስ ጓንቴ ውስጥ እጄ በላብ ርሷል።

በማግስቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ የመርካቶው አለቃዬ በዚያ ሰዓት ጋራዡን እየከፈቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ መሃል ላይ ትቆራረጣለች። ነዳጅ ስለቅም ከማርሚታው ቷ ቷ ትላለች።»

«ምን ነካህባት?»

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። የቆርቆሮ በሩ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«አየሩን ሰጠሃት። ቤንዚኑንስ?»

እንዴት እንዳፈርኩ! ይህን ትምህርት እኮ እሳቸው ናቸው ገና በ15 ዓመቴ ያስተማሩኝ። ከአፋር ቆላ የሚመጣ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ ሲገባ ይታፈን ነበር። ካንዴላውን ስንፈታው ጥላሸት ለብሷል። ሞተሩ አልታመመም። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ግን ያንኑ የቆላ ቤንዚን ነው የሚያፈስለት። አለቃዬ ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ አውጥተው ቀዳዳዋ በጠበበች ይቀይሯታል። ከዚያ ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚሽከረከርበትን ዙር፣ በካቻቪቴ ያስተካክላሉ፤ አለቀ። አየርና ቤንዚን ተለያይተው እንደማይነኩ ከዚያ በላይ ምን ያስተምራል?

የእኔዋ ግን ካርቡራቶር የላትም። ቤንዚኑን የምትረጨው በኮምፒውተር ነው። እኔም ኮምፒውተር ካላት ራሷ ታውቃለች ብዬ ነበር። አብዛኛው ሞተር ሳይክል ግን የሚገባውን አየር አይመዝንም። እጅህ ስንት እንደተጠመዘዘና ሞተሩ በስንት ዙር እንደሚሽከረከር ያያል፤ ከዚያ ፋብሪካው የጻፈለትን ሠንጠረዥ ገልጦ «በዚህ ጊዜ ይህን ያህል ቤንዚን» ይላል። የከፍታውን ለውጥ በአየር ግፊት መለኪያው ያስተካክላል። እኔ ክዳን እንደቀየርኩ ግን ማን ይነግረዋል? ጭሱ መውጫ ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰርም የሚያርመው በለዘብታና በእኩል ፍጥነት ስትነዳ ብቻ ነው። ነዳጅ በደንብ ስትሰጠው ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን መስማት ትቶ ሠንጠረዡን ብቻ ነው የሚከተለው። እኔ አውራ ጎዳናው ላይ የተያዝኩት እዚያች ቦታ ነው።

ሰው አጠያይቄ ዳይኖ፣ የሞተር ጉልበት የሚለካ ማሽን፣ ያለው ጋራዥ አገኘሁ። ባለቤቱ ጺሙ የነጣ አሜሪካዊ ነው፤ ብዙ አያወራም። ቀጠሮ ስይዝ «የፋብሪካውን ክዳንና ፊልትሮ ይዘህ ና» አለኝ። ሥራውን እንደሚያውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ጥሩ መካኒክ መነሻውን ሳያይ አይጀምርም።

የኋላ ጎማዋን ሮለር ላይ አቁሞ በቀበቶ አሰራት። ማርሚታው ውስጥ የአየርና የቤንዚኑን ምጥን የሚለካ ዘንግ ከተተ። ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ሲሆን ሁለቱ ሳይተራረፉ ይቃጠላሉ። ሙሉ ጉልበት ስትፈልግ ግን ቤንዚኑ ትንሽ በዝቶ 13 አካባቢ መሆን አለበት። የእኔ ክዳን ተገጥሞ ሲሞከር 4,500 ዙር ላይ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ 15.4 ላይ ተሰቀለ። ቤንዚን ጠምቷታል። በጣቱ ስክሪኑን ነካና «እዚህ ነው አይደል የምትይዝህ?» አለኝ። በትክክል እዚያ ነው።

በፋብሪካው ዕቃ 67 የፈረስ ጉልበት ሰጠች። በእኔ ማሻሻያ 66። አዎ፣ ከፍቼላት አንድ አጎደልኩባት። ከዚያ ላፕቶፑን ሰክቶ ሠንጠረዡን ቦታ ቦታውን ያርም ጀመር። አርሞ ያስሮጣል፣ ያያል፣ ደግሞ ያርማል። ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ 70 ሰጠች። መስመሩም ከታች እስከ ላይ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀና አለ።

ሦስት የፈረስ ጉልበት ለ400 ዶላርና ለክዳኑ ዋጋ ነው። ለቁጥሩ ብለህ ከሆነ አይመከርም። ለእኔ ትልቁ ነገር ያቺ የምትይዘኝ ቦታ መጥፋቷ ነው። እንዲያውም ፋብሪካው ከሠራት በላይ ለስልሳለች። ደግሞ 70 የሚለው ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተሰላ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ጎማው ላይ በእውነት የሚደርሰው 58 ያህል ነው። ዳይኖ የምታስለካ ወንድሜ፣ የትኛውን ቁጥር እንደሰጡህ ጠይቅ።

የጭስ መቆጣጠሪያውን መንካት በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው ማርሚታ ጭሱን ከሚያጣራው ካታሊስት ጋር እንዳለ ነው፤ ሴንሰሩም ቦታው ላይ ነው። የምትገጥመው ዕቃ ለመንገድ የተፈቀደ መሆኑን ሳትከፍል በፊት አጣራ። ሌላው ዋስትና ነው። የገዛሁበት ሱቅ ያለ አንድ ልጅ «ክዳኑን ከቀየርክ ዋስትናህ ሙሉ በሙሉ ቀረ» ብሎኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ከ1975 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ የሌላ ድርጅት ዕቃ ስለገጠምክ ብቻ ዋስትናህን መሰረዝ ይከለክላል። ችግሩን ያመጣው ያ ዕቃ ከሆነ ግን ኪሳራው የራስህ ነው። ቤንዚን እንደጠማት ብነዳት ኖሮና ፒስተን ቢበላሽ ማንንም አልከስም ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ላቭላንድ ፓስ የሚባለው የተራራ መንገድ ላይ ወጣሁ። 3,655 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። በልጅነቴ አለቃዬን ዲቲው ኋላ አፈናጥጬ እንጦጦ ስወጣ ሞተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይታክተው ነበር። ያማሃዋ በሳሳው አየር ጉልበቷ ቢቀንስም አንድም ቦታ አልያዘችኝም። ጫፉ ላይ አቆምኩ። ዳር ዳሩ ላይ በረዶ አለ። ስልኬን አየር ሳጥኑ አጠገብ ይዤ፣ በሚኒሞ ጥቂት አቆይቼ ሦስቴ ነዳጅ ሰጠኋትና ድምፁን ቀዳሁ። ቤት ስገባ ለአለቃዬ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

መልሱ ንጋት ላይ ገባ፤ የድምፅ መልእክት ነው። ከኋላቸው መዶሻ ይሰማል፣ አንድ ልጅ ይጮኻል።

«ሰማሁት። ለልጆቹም አሰማኋቸው፣ ያ ነው ብያቸዋለሁ። አሁን አልተራበችም። እስቲ ደግሞ ሳትሞቅ፣ ጠዋት ስታስነሳት ቅዳና ላክልኝ።»

ጃኬቴን ደርቤ ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩ።