የጥቅምት በለስ

እኛ አገር በለስ የክረምት ፍሬ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰሜን ይመጣል። አዲስ አበባ መንገድ ዳር በቢላ እየላጡ ይሸጡታል። መስከረም ከጠባ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል።

እኔ የጣሊያን ደሴት ወደሆነችው ሲሲሊ የገባሁት ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ካታኒያ ከተማ ውስጥ ፒያሳ ካርሎ አልቤርቶ የሚባል አደባባይ አለ። ማለዳ ላይ ትልቅ ገበያ ይቆምበታል። እዚያ ስደርስ በለስ በየመደቡ ተከምሯል። ቢጫ አለ፣ ደማቅ ቀይ አለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭም አለ። መጠኑ ደግሞ ያስደነግጣል። እኔ ከማውቀው በለስ በጣም ይበልጣል።

«ያለ ወቅቱ ከየት መጣ?» አልኩት ሻጩን።

«ወቅቱማ አሁን ነው» አለኝ። ጓንት አጥልቆ አንዱን አነሳ። ጫፍና ጫፉን ቆረጠ፣ ቆዳውን በቁመቱ ሰነጠቀ፣ ገልብጦ ሰጠኝ። እጁ የሚሠራው ልክ እንደ እኛ ሻጮች ነው። ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። ሥጋው ብዙ፣ ውኃው ብዙ፣ የውስጡ ዘር ትንሽ።

ነገሩን ካልገባኝ አልተውም ብዬ በማግስቱ ወደ ቢያንካቪላ ሄድኩ። ቢያንካቪላ የኤትናን ተራራ ተደግፋ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አካባቢው በበለስ የታወቀ ነው። ወደዚያ የሚወስደው ቺርኩሜትኔአ የሚባል ባቡር ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ተራራውን ሲዞር የኖረ ነው። የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ነው። ጣሊያኖች ከምጽዋ ወደ አስመራ የዘረጉትም በዚሁ ልክ ነበር። ለሚሄድ ሰው አንድ ምክር፦ እሁድ አይሠራም።

በመስኮት የሚታየው ሁሉ ጥቁር ነው። አጥሩ ጥቁር፣ የቤቱ ግንብ ጥቁር፣ አፈሩ ጥቁር። ኤትና ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ዛሬም እሳት የሚተፋ ተራራ ነው። የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል፣ ድንጋዩ በረጅም ዘመን አፈር ይሆናል። በዚያ ጥቁር መሬት ላይ ቁልቋሉ በረድፍ በረድፍ ቆሟል።

አንድ ወዳጄ ያገናኘኝ አዛውንት ገበሬ ጣቢያው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። እርሻቸው ሩቅ አልነበረም። የበለሱን ምስጢር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ቁልቋሉ በግንቦት ያብባል። ያ አበባ ዝም ከተባለ ፍሬው ነሐሴ ላይ ይደርሳል። እሱም ይበላል፣ ግን ትንሽና ዘር የበዛበት ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ገበሬዎቹ ማሳው ውስጥ ገብተው የመጀመሪያውን አበባና ገና የያዘውን እንቡጥ ሁሉ ያረግፋሉ። ሥራው ስኮትሶላቱራ ይባላል። ቁልቋሉ በዚህ ጊዜ ተስፋ አይቆርጥም። እንደገና ያብባል። ሁለተኛው ፍሬ የሐምሌንና የነሐሴን ሐሩር አልፎ የመከርን ዝናብ ይጠጣል። የሚበስለው በጥቅምትና በኅዳር ነው። እኔ ገበያ ላይ ያየሁት እሱ ነው።

«መጀመሪያ ማን ደፍሮ አረገፈው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

የሚነገር ታሪክ አለ አሉኝ። አንድ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ። ሊጎዳው ብሎ በሌሊት ማሳው ገባና አበባውን ሁሉ ደብድቦ አረገፈበት። ሰውየው ዘንድሮስ አለቀልኝ ብሎ ሲያዝን፣ ቁልቋሉ በመከር ታይቶ የማይታወቅ ፍሬ ሰጠው። እውነት ይሁን ተረት ማረጋገጫ የለውም። ግን አዛውንቱን አየኋቸው። ሲያወሩልኝ ያቺን የጎረቤት ማሳ በዓይናቸው ያዩ ይመስሉ ነበር።

የበለስ ለቀማ የጠዋት ሥራ ነው። ጤዛው ሳይደርቅ ይለቀማል። ፀሐይ ከበረታ እሾሁ ደርቆ ይበናል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህን ሲነግሩኝ ትግራይ ውስጥ በለስ የለቀመ ሁሉ ትዝ አለኝ። የሁለቱም ቁልቋል የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ትግራይ ውስጥ በለስ የሰው ምግብ ነው፣ በበጋ የከብት መኖ ነው፣ የጓሮ አጥር ነው። ደቡብ ትግራይ ላይ ግን ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ የገባ ተባይ ከቁጥጥር ወጥቶ ብዙ ቁልቋል አድርቋል። እዚህ ጤነኛውን ረድፍ እያየሁ ስለዚያኛው በጣም አዘንኩ። እዚያም ያሉ ገበሬዎች እንዲህ ያለ ሁለተኛ ምርት ሞክረው ቢያዩት ምን ያህል በወደድኩ።

አራተኛውን በለስ ስልጥ የገበሬው ባለቤት ዳቦ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ባዶውን አትብላ፣ ሆድ ያደርቃል» አሉኝ። እናቴ ስንት ጊዜ ብላኛለች መሰላችሁ! ቀጥለው ሞስታርዳ አቀረቡልኝ። የበለስ ጭማቂ ነው። ከስታርችና ከቀረፋ ጋር ተፈልቶ በሸክላ ቅርጽ ይፈስሳል፣ ከዚያ ይረጋል። እንዲደርቅ ከተተወ የብርዱን ወራት ሁሉ ይቆያል።

ከዚያ ባቡሩን ይዤ ወደ ብሮንቴ ቀጠልኩ። ፒስታሽዮ የሚባለው አረንጓዴ ለውዝ አገር ናት። ዛፎቹ ከቅልጥ ዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ተጣምመው ወጥተዋል። እዚያ ማሽን አይገባም፣ ለቀማው በእጅ ነው። እዚህም ያው የመከልከል ጥበብ አለ። ዛፉ በባሕርዩ አንድ ዓመት በደንብ ያፈራል፣ በሚቀጥለው ይደክማል። በድካሙ ዓመት የሚወጣውን ጥቂት እንቡጥ ገበሬዎቹ ያነሱበታል። ዛፉም ጉልበቱን ለመጪው ዓመት ያጠራቅማል። ስለዚህ ብሮንቴ የሚለቀመው በሁለት ዓመት አንዴ ነው።

እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ካወቅሁ በኋላ ገበያው ላይ ሁሉን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከደሴቲቱ መሐል ከሌዮንፎርቴ የሚመጣ ኮክ አለ። ገና ሰኔ ላይ እያንዳንዱ ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ በእጅ በወረቀት ከረጢት ይታሰራል። ከተባይና ከበረዶ ተጠብቆ ቀስ ብሎ ይበስላል። የመጨረሻዎቹን አግኝቼ በላሁ። እንዲህ የሚሸት ኮክ ቀምሼ አላውቅም።

ቀዩ ብርቱካን ግን አልደረሰልኝም። ፓተርኖ ላይ ባቡሩ በብርቱካን እርሻ መሐል ያልፋል፣ ፍሬው ሁሉ ገና አረንጓዴ ነበር። የውስጡ ቅላት የሚመጣው በብርድ ነው። ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ማለት አለበት። የኤትና አካባቢ ይህን ስለሚሰጥ ታሮኮ፣ ሞሮና ሳንግዊኔሎ የተባሉት ዝርያዎች እዚያ ይቀላሉ። የሚለቀሙት ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ስለዚህ ወሩን ይምረጥ። ቀይ ብርቱካን የፈለገ በጥርና በየካቲት ይሂድ። ወሽመላ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ኤትና ሥር ያለችው የማሌቶ ከተማ ስትሮበሪ ይደርሳል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ካታኒያ ቁርስ ማለት ከዛፍ እንጆሪ የተሠራ ግራኒታ፣ ማለትም እንደ በረዶ የረጋ ጭማቂ፣ ብሪዮሽ ከሚባል ለስላሳ ዳቦ ጋር ነው። ለበለስ ጥቅምትና ኅዳር። የብሮንቴን ለቀማ ማየት የሚፈልግ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥር ያለውን ዓመት ይጠብቅ፣ ለምሳሌ 2027ን፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ።