ሲያቃጥል ነው እንዴ የሚሠራው?

ፋሲካ ሊገባ ሰሞን ነው፣ ደብረ ብርሃን። ከአረብ አገር ለተመለሱ ሴቶች የፀጉር ሥራ ሥልጠና በሚሰጥበት አንድ ክፍል ሪላክሰር (ጥቅልል ፀጉር የሚዘረጋ ክሬም) የተቀቡ ደንበኛ ማጅራታቸው አካባቢ ቆዳቸው ተልጦ ተገኘ። ክሬሙ አልተበላሸም። ሠልጣኟም ሰዓት አላሳለፈችም፤ ዕቃው ላይ 15 ደቂቃ ተጽፏል፣ እሷ በ12ኛው ማጠብ ጀምራለች።

ደንበኛዋ ሹሩባቸውን የፈቱት ያን ዕለት ጠዋት ነበር። ሹሩባ ፈትቶ ጭንቅላቱን የማያክ ማን አለ? ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ሪላክሰር ፒኤቹ (የአሲድና የቤዝ መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፣ ማለትም ኃይለኛ ቤዝ ነው፤ ጥፍር የጫረው ቆዳ ካገኘ ወዲያው ይነክሳል። ስለዚህ ሹሩባ ከተፈታ ወይም ራስ ከታጠበ ቀናት ሳያልፉ ክሬም አይቀባም። ሠልጣኟ ይህንን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች፤ «እትዬ፣ መቼ ፈቱት?» ብላ መጠየቅ ግን ድፍረት ሆነባት። ማዳሟ ካልጠየቀቻት ትንፍሽ ሳትል ዓመታት የኖረች ልጅ ናት። ይህን ስንፍና ብሎ የሚቆጣ አሠልጣኝ ልጅቷን ጨርሶ ያጣታል።

ደንበኛዋም እየተቃጠሉ ዝም አሉ። ኋላ «ሲያቃጥል አይደል እንዴ የሚሠራው፣ ልጄ?» አሉ። አይደለም። ክሬሙ የሚሠራው የፀጉሩን የውስጥ ትስስር ሲፈታ ነው፤ ማቃጠል ቆዳው እየተጎዳ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ደንበኛ «አቃጠለኝ» ካለች 3ኛ ደቂቃም ቢሆን ወደ መታጠቢያው ነው።

ጉዳቱን ያባባሰው ውሃው ነው። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ ደንበኛዋ ሲንቀጠቀጡ ልጅቷ አዝና ቶሎ ጨረሰች። ሥር ላይ የቀረ ክሬም ደግሞ መብላቱን አያቆምም። አሁን 20 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጀሪካን ሳይዘጋጅ የክሬሙ ክዳን አይከፈትም። 5 ደቂቃ ሙሉ በውሃ ብቻ፣ ከዚያ የክሬሙ ማርከሻ ሻምፑ፤ ቀለም የሚለውጥ ዓይነት ከሆነ አረፋው ሮዝ መሆኑን ትቶ ነጭ እስኪሆን ይደጋገማል። የተቃጠለ ቦታ ላይ ሎሚ መጭመቅ ክልክል ነው፤ ብዙ ውሃ ብቻ፣ ቆዳው ከተላጠ ጤና ጣቢያ።

የትምህርቱም ቅደም ተከተል ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በሪላክሰር ፈንታ ኮንዲሽነር ነው የሚቀባው። ግንባር፣ ጆሮና ማጅራት ቫዝሊን ይቀባል፤ ፀጉሩ 4 ቦታ ይከፈላል፤ ክሬሙ ከቆዳው ግማሽ ሳንቲሜትር ይርቃል፤ ስሱ የግንባር ዳር ፀጉር መጨረሻ ይነካል። በየ2 ደቂቃው «ያቃጥልዎታል?» ይባላል፣ ክፍሉ እንዲሰማ ጮክ ተብሎ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ቀን በሹክሹክታ ነው የሚሉት፤ እጅ ከሚለምደው ይልቅ ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ያቺው ልጅ በቀጣዩ ወር አንዲት ደንበኛ «ግድ የለም፣ እችለዋለሁ» ስትላት አሠልጣኟን እንኳ ሳታይ በ6ኛው ደቂቃ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። «አይቻልም፣ እህቴ። ነይ እንታጠብ።»