ሳይት ላይ የተቆረጠብኝን ታክስ እንዴት አስመለስኩ

እንግሊዝ አገር በግንባታ ሥራ ላይ በራሱ ስም የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይወቅልኝ። ከክፍያው ላይ በየጊዜው የሚቆረጠው 20 ፐርሰንት የመጨረሻ ግብር አይደለም፣ ቀብድ ነው። ትክክለኛው ሒሳብ የሚታወቀው ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ሒሳቡን የሚያቀርበውም ሠራተኛው ራሱ ነው።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሥራውን ስጀምር አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው “አይዞህ ልጄ፣ ቆርጠውልሃል፣ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅህም” አሉኝ። “እሺ ጋሼ” ብዬ ዝም አልኩ፤ ቤት ስገባ ግን ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ።

አሠራሩ ሲአይኤስ ይባላል። ሥራ ተቋራጩ ከጉልበት ዋጋዬ ላይ ቆርጦ ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ለኤችኤምአርሲ፣ ገቢ ያደርጋል። የተመዘገበ ሰው 20 ፐርሰንት ይቆረጥበታል፣ ያልተመዘገበ 30። ስለዚህ መጀመሪያ በግል ሠራተኛነት ተመዘገብኩና ዩቲአር የሚባለውን ባለ 10 አሃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አወጣሁ። ከዚያ ለሲአይኤስ ተመዘገብኩ። ተቋራጩ የዩቲአር ቁጥሬንና የናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ቁጥሬን ይዞ ኤችኤምአርሲ ዘንድ ያረጋግጣል። መዝገቡ ላይ ካላገኘኝ 30 ይቆርጣል። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች መጠንቀቅ አለብን። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይጻፍና ጣጣ ይመጣል። እኔ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲሆን አስተካከልኩ።

ቀጥሎ ኢንቮይስ፣ ማለትም ለተቋራጩ የምልከው የክፍያ መጠየቂያ። የሚቆረጠው ከጉልበት ዋጋ ላይ ብቻ ነው፤ በራሴ ገንዘብ ለሥራው የገዛሁት ዕቃ አይነካም። የ1,000 ፓውንድ ኢንቮይስ ውስጥ 200 ፓውንዱ የቀለምና የስቱኮ ከሆነ፣ የሚቆረጠው ከ800 ላይ ነው፦ 160 ፓውንድ። ሁሉንም በአንድ መስመር ደምሬ ብጽፈው 200 ይሄድ ነበር። እርግጥ በትርፍ የተቆረጠው በዓመቱ መጨረሻ ይመለሳል። ግን እስከዚያ የእኔ ብር ሌላ ሰው ቤት ለምን ይደር? ጉልበትና ዕቃ ለየብቻ፣ ደረሰኝ ከሥሩ።

ዋናው ግን በየወሩ የሚሰጠው የቅነሳ ማስረጃ ነው። የግብር ወር የሚዘጋው በ5ኛው ቀን ነው፤ ተቋራጩ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ 19 ድረስ፣ ምን ያህል እንደቆረጠ የሚያሳይ ወረቀት ሊሰጠኝ ይገባል። ግዴታው ነው፣ ውለታ አይደለም። አንዱ ተቋራጭ ግን “ነገ እልክልሃለሁ” እያለ ወራት አስቆጠረኝ። ተጨቃጭቄ አልገፋሁበትም። በስልክ መጠየቁን ትቼ በኢሜይል ጠየቅኩ፣ ቀንና መጠን እየጠቀስኩ። ጎን ለጎን የራሴን ማስረጃ አደራጀሁ። ኢንቮይሱ 1,000 ይላል፣ ባንክ የገባው 840 ነው፤ ልዩነቱ የት እንደሄደ ማንም ይገባዋል። ወረቀት ሲጠፋ ኢንቮይስና የባንክ ስቴትመንት ማስረጃ ሆነው ሊቀርቡ ይችላሉ። ወረቀቶቹ በመጨረሻ መጡ፣ ግን ያን ልማድ አልተውኩትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የግብር ዓመቱ ከኤፕሪል 6 እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 5 ነው። ገቢ ተብሎ የሚሞላው ባንክ የገባው ሳይሆን ከመቆረጡ በፊት ያለው ሙሉ ክፍያ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የ2024/25ን ሒሳብ እንይ። አንድ ሰው በዓመት 30,000 ፓውንድ የጉልበት ክፍያ አገኘ እንበል። 6,000 ተቆርጧል። የሥራ ወጪው 4,000 ነው፣ ስለዚህ ትርፉ 26,000። የመጀመሪያው 12,570 ግብር የለበትም። የቀረው 13,430 ነው፤ በ20 ፐርሰንት 2,686 ፓውንድ ግብር፣ በ6 ፐርሰንት ደግሞ 806 ፓውንድ ገደማ ናሽናል ኢንሹራንስ። ድምሩ 3,492 አካባቢ። የተቆረጠው 6,000 ስለሆነ 2,500 ፓውንድ ገደማ ይመለስለታል። ሒሳቡን ያላቀረበ ግን አያገኘውም።

ወጪ ላይ ብሩሽ፣ ሮለር፣ መሰላል፣ ኢንሹራንስ፣ የስልኩን የሥራ ድርሻ፣ የአካውንታንት ክፍያ አስገባሁ። የሴፍቲ ጫማ ይገባል። ጂንስ አይገባም፣ ከላይ እስከ ታች ቀለም ቢለብስም። ሳይት አጠገብ የበላሁት ምሳም እንደዚሁ። ለጊዜያዊ ሳይት በራሴ መኪና ስሄድ እስከ 10,000 ማይል ድረስ በማይል 45 ፔንስ ያዝኩ፣ ከዚያ በላይ 25 ነው። በዚህ መንገድ የያዘ ሰው ነዳጅን ለብቻው መደመር አይችልም። ደረሰኝ የዕለቱን ዕለት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፤ የቀለም ሱቅ ደረሰኝ መኪና ውስጥ ፀሐይ ካገኘው ባዶ ወረቀት ሆኖ ነው የሚገኘው። ማስረጃው ደግሞ ከማስገቢያው የጃንዋሪ 31 ቀን በኋላ ለ5 ዓመት መቀመጥ አለበት።

በኦንላይን ማስገቢያው እስከ ጃንዋሪ 31 ነው። ካለፈ 100 ፓውንድ ቅጣት አለ፣ ተመላሽ ያለው ሰው እንኳ አይምረውም። እኔ ግን ተመላሽ እየጠበቅኩ ጃንዋሪን የምጠብቅበት ምክንያት አልታየኝም። ወረቀቱ እንደተሟላ በእንግሊዞቹ በጋ ላይ አስገባሁ፣ ገንዘቡም በቀጥታ ባንኬ ገባ። “ታክስህን እናስመልስልህ” ብለው ከተመላሹ ላይ በፐርሰንት የሚወስዱ አሉ። እኔ አልወደድኳቸውም። ሒሳቡ ከከበደ ቁርጥ ዋጋ የሚነግር አካውንታንት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓቱን፣ መሣሪያውንና አሠራሩን ሁሉ አለቃው የሚወስን ከሆነ፣ ሰው መተካትም ካልተፈቀደ፣ ያ ሠራተኛ በስም ብቻ ሳብኮንትራክተር (ንዑስ ተቋራጭ) ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚያየው ውሉ ላይ የተጻፈውን ስም ሳይሆን ትክክለኛውን አሠራር ነው። ተቀጣሪ ከሆነ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ጭምር ይገባዋል።

ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ ከ50,000 ፓውንድ በላይ ጠቅላላ ገቢ ያለው ገቢና ወጪውን በየሩብ ዓመቱ በሶፍትዌር ለኤችኤምአርሲ ማሳወቅ አለበት። በ2027 ወደ 30,000፣ በ2028 ወደ 20,000 ይወርዳል። ወጪ ሳይቀነስ፣ ታክስም ሳይቆረጥ ያለው ገቢ ነው የሚታየው። ስለዚህ ባንክ የሚገባልኝ ትንሽ ነው ብሎ የሚዘናጋ ሰው በ2028 ራሱን ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። እኔ መዝገቤን ከወዲሁ ወደ ስልክ አፕ አዙሬያለሁ።