የእንግሊዝኛን «መሃል» እንዴት ለየሁት

በአማርኛ አንድ «መሃል» ብዙ ሥራ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ከሸኖና ከጣርማ በር መሃል ናት፤ በክረምቱ መሃል ፀሐይ ወጣች፤ ከጎጆው መሃል ምሰሶ ቆሟል፤ ከሰው መሃል አንዱን መረጠ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ለአራቱ አራት ቃል ያወጣል፦ ቢትዊን፣ ሚድል፣ ሴንተር፣ አመንግ። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቃላት ዝርዝር ሳዘጋጅ መጀመሪያ በእያንዳንዱ ቃል ትይዩ የአማርኛ ፍቺ ጻፍኩ። ገጹ ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች «ማዕከል፣ ማዕከል፣ ማዕከል» የሚል ሆነ። ቀደድኩት።

ሁለተኛው ዘዴ ሠራ። ለእያንዳንዱ ቃል ግማሽ ገጽ ሰጠሁ፤ ከላይ ቃሉ የተወለደበት ዕቃ በሥዕል፣ ከሥሩ ሁለት ትክክለኛ ዓረፍተ ነገሮች፣ ከዚያ አንድ የተሳሳተ። የተሳሳተችው እንዳትቀር፤ ተማሪው የሚያስታውሰው እሷን ነው።

ሴንተር የጀመረው ከግሪኩ ኬንትሮን ነው፤ ትርጉሙ መውጊያ፣ ሹል ነገር። በሐዋርያት ሥራ በአማርኛ «የመውጊያውን ብረት» የተባለው በግሪኩ ይኸው ቃል ነው። በሬ ከሚወጋበት ብረት ወደ ክብ የተሻገረው በኮምፓስ በኩል ነው፤ አንዱ እግር ወረቀቱን ወግቶ ይቆማል፣ ሌላው ይዞራል። ጎጆ ሲቀለስ ችካል ተክሎ፣ ገመድ አስሮ፣ መሬቱን በክብ መጫር ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሴንተር ችካሉ ነው፤ ነጥብ ነው። ሚድል ግን ስፋት አለው፤ መንገድ፣ ሌሊት፣ ወሬ ሚድል አላቸው እንጂ ችካል አይተከልባቸውም። «በስብሰባው ሴንተር ስልክ ጮኸ» የምትለው ስህተት የምትመጣው ከዚህ ነው።

ኤክሰንትሪክ ላይ ሁሉም ይሰናከላል። «ኤክ» ውጪ ማለት ነው፤ ከችካሉ የወጣ። የጥንት የሥነ ፈለክ ሰዎች ምድርን እምብርቱ ያላደረገ ክብ የሚሉት በዚህ ስም ነበር። በመኪና ሥራም ቀዳዳው ከመሃሉ ፈንጠር ብሎ የተበሳ፣ ሲዞር ከፍ ዝቅ የሚል ክብ ዕቃ አሁንም ኤክሰንትሪክ ይባላል። ሰውን ሲሆን ተማሪዎች «እብድ» ብለው ይተረጉሙታል። አማርኛው «ወጣ ያለ ሰው» ነው፤ የኛም ቋንቋ ያንኑ ሥዕል ይዟል፣ እብደት የለበትም።

ፎከስ በላቲን ምድጃ ነው። ኬፕለር በ1604 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወደ ጂኦሜትሪ አስገባው። ቤተሰብ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል ብዬ ብቻ ባልፍ ኖሮ ተማሪው ፎከስና ሴንተርን አንድ ያደርጋቸው ነበር። ስለዚህ ይህን በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አሠራለሁ። ሁለት ሚስማር በ16 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይመታል። ሲባጎ ዙሪያው 36 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል፤ ለቋጠሮው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይተዉ። ቀለበቱን ሁለቱ ሚስማሮች ላይ አጥልቆ፣ በእርሳስ ወጥሮ መዞር። የሚወጣው ሞላላ 20 በ12 ሳንቲ ሜትር ነው። ሚስማሮቹ ሁለቱ ፎከሶች ናቸው፤ ሴንተሩ ግን ምንም ያልተመታበት፣ ከሁለቱም 8 ሳንቲ ሜትር የራቀው ባዶ ቦታ ነው። ያንን 8 ለረጅሙ ስፋት ግማሽ፣ ለ10፣ ሲያካፍሉት 0.8 ይመጣል፤ ስሙም ኤክሰንትሪሲቲ፣ ከችካል የመውጣት መጠን። ኤክሰንትሪክና ፎከስ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ሞላላው የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። የሱፍ ክር ይለጠጣል፣ ሞላላው ሲዘጋ ጫፎቹ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ሚስማሩ ካዘመመ ክሩ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ቋጠሮው ሚስማር ላይ ከደረሰ ደግሞ እርሳሱ ይዘላል፤ ቋጠሮውን እየገፉ ከሚስማሩ ማራቅ ነው።

ኒውክለስ ላቲን ነው፤ ከለውዝና ከመሰል ፍሬዎች ስም የወጣ፣ «ትንሽ ፍሬ»። ሮበርት ብራውን በ1831 የሕዋስን አስኳል በዚህ ስም ጠራው። አማርኛችን ለእንቁላሉም ለሕዋሱም አስኳል ስለሚል ተማሪው ተመልሶ «የእንቁላል ኒውክለስ እወዳለሁ» ይላል። የእንቁላሉ ዮክ ነው፤ ያውም ከ«ቢጫ» የመጣ እንጂ መሃልነት የለበትም። ኮር ደግሞ የፖም ዘር ያለበት፣ በልተን የምንጥለው ነው። ኮር አይዲያ (ዋና ሐሳብ) ሲባል ግን የማይጣለው እሱ ነው፤ ለምን እንደዚያ ሆነ ብለው ክፍሉን የሚያስቁ አሉ፣ ልክ ናቸው። ሀብ የጎማ እምብርት ነው፤ ወደ እሱ የሚገቡ መንገዶች ከሌሉ ሀብ አይባልም።

ሚዲኦከር ለብቻው ቀይ መስመር ያስፈልገዋል። በላቲን «እተራራው አጋማሽ ላይ» ማለት ነው። ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ሊወጣ ተነስቶ ዳገቱ ላይ የቀረ ሰው። አማርኛው «መካከለኛ» አይሰድብም፤ ሚዲኦከር ይሰድባል። የሥራ ማመልከቻ ላይ «እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው» ለማለት ኢንተርሚዲየት ይጻፋል። በሚዲኦከር የሞላ ሰው ራሱን ከሰሰ።

ኤፒሴንተር የመሬት መንቀጥቀጥ ቃል ነው፤ «ኤፒ» ከላይ ማለት ነው። መሬቱ የተሰነጠቀበት ጥልቁ ቦታ ሃይፖሴንተር፣ ከእሱ ቀጥ ብሎ በላይ ያለው የገጸ ምድር ነጥብ ኤፒሴንተር። ስለዚህ «ኤፒሴንተሩ 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው» ስህተት ነው። ሌላው ስህተት በጣም የተጎዳውን ከተማ ኤፒሴንተር ማለት ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል፤ ይህ ብቻውን ግን ነጥቡ እሷ ሥር ነበር አያሰኝም። አፈሩና የቤቱ አሠራር ጉዳቱን ወዲያና ወዲህ ያደርጉታል።

የመጨረሻዋ ገጽ መስተዋድድ ናት። ነገሩ በዚህ ዙሪያ ነው ለማለት ብዙ ሰው «ሴንተር አራውንድ» ይላል፣ ይጽፋልም። ጠንቃቃ አራሚ ግን ይሰርዘዋል፤ ችካል ሌላው ይዞረዋል እንጂ እሱ አይዞርም። ለፈተናና ለማመልከቻ «ሴንተር ኦን» ይጻፍ፣ መዞር ካስፈለገ «ሪቮልቭ አራውንድ»።